የአባቴ ፍሎፒ አልከፈት አለኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም "የድሮ ፍሎፒዎቻችሁን ከመጣላችሁ በፊት ኢሜጅ አድርጓቸው" ብዬ ጽፌ ነበር፤ የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ በአንድ ፋይል አስቀምጡ ማለቴ ነው። ደብዳቤ ጎረፈ ብል ውሸት ይሆናል፤ ግን ከጠበቅኩት በላይ መጣ። አብዛኛውም አንድ ዓይነት ነው፦ "እሺ፣ ኢሜጅ አደረግነው። አሁንስ?" ልክ ናችሁ። ወጡን ሠርቼ እንጀራውን ረስቼዋለሁ። የዚህ ወር አምድ በሙሉ ለእሱ ይሁን። አዳማ ላይ ሰሞኑን ነፋሱ አቧራውን አንስቶ መስኮት አላስከፍት ብሏል፣ ስለዚህ ቤት ቁጭ ብሎ መጻፍ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልህ እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ሆኜ ነው። አባቴ በ1970ዎቹ መጨረሻ ጀርመን ተምሮ ሲመለስ ኮሞዶር 64 ይዞ መጥቶ ነበር። እሱ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ኮምፒውተሩ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ፍሎፒዎቹን ግን እናቴ በብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጣቸዋለች። ጀርመን የሚኖር የአክስቴ ልጅ ወስዶ ኢሜጅ አሠራና በቴሌግራም ላከልኝ። 14 ፋይል ናቸው። በዊንራር ስከፍታቸው "የተበላሸ ፋይል" ይለኛል። ደብል ክሊክ ሳደርግም ምንም የለም። የአክስቴ ልጅ ግን ፋይሎቹ ደህና ናቸው ብሎ ይምላል። ማን ነው የሚዋሸኝ?

መልስ፦ ማንም አልዋሸህም ወንድሜ። አባትህን ነፍስ ይማር። እናትህንም አመስግንልኝ፤ በዚህ ከተማ አቧራ ያ ቆርቆሮ ባይኖር ኖሮ ይሄን ደብዳቤም አትጽፍልኝም ነበር።

ዊንራር የሚያውቀው ተጠቅልሎ የታሰረ ዕቃ ነው፤ ዚፕ፣ ራር የመሳሰለውን። ኢሜጅ ጥቅል አይደለም። ፍሎፒው ላይ ያለው ነገር በሙሉ፣ ባዶ ቦታው ሳይቀር፣ ከመጀመሪያው ሴክተር (ዲስኩ የተከፋፈለበት ትንሽ ቁራጭ) እስከ መጨረሻው ተራ በተራ ተገልብጦ አንድ ፋይል ሲሆን ነው ኢሜጅ የሚባለው። ውስጡ ያሉት ፋይሎች የት እንደሚጀምሩና የት እንደሚያልቁ የሚያውቀው ያ ኮምፒውተር የሚጠቀምበት አደራደር ብቻ ነው። ኮሞዶር የራሱ አለው፣ አሚጋ የራሱ፣ አፕል የራሱ። ዊንዶውስ ደግሞ ከነዚህ አንዱንም አያውቅም።

ለዚህ ነው ሰው "በምን ፕሮግራም ልክፈተው?" ሲለኝ መልሼ "ስንት ባይት ነው?" የምለው። የፋይሉን ስም ማንም ይቀይረዋል፣ ቅጥያውንም እንደዚሁ። መጠኑ ግን የማሽኑን መታወቂያ ይዞ ነው የሚዞረው። ፋይሉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርግና ፕሮፐርቲስ ውስጥ ትክክለኛውን የባይት ቁጥር እይ፤ ኪሎባይቱን ሳይሆን በሙሉ የተጻፈውን። 174,848 ካለ የኮሞዶር 1541 ድራይቭ ዲስክ ነው፣ አለቀ። 175,531 ካለም እሱው ነው፤ የጨመረው 683 ባይት ዲስኩ ሲነበብ እያንዳንዱ ሴክተር ስህተት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚል መዝገብ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሴክተር አንድ ባይት። 901,120 ከሆነ አሚጋ። 143,360 ከሆነ አፕል 2። 819,200 ከሆነ የድሮ ማኪንቶሽ ሊሆን ይችላል። 1,474,560 ከሆነ ሁላችንም የምናውቃት ባለ 1.44 ፍሎፒ። አስቸጋሪው 737,280 ነው፤ የፒሲም፣ የአታሪ ኤስቲም፣ የኤምኤስኤክስም ሊሆን ይችላል። ደግነቱ ሦስቱም አደራደራቸው ስለሚቀራረብ አንዱን የከፈተ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ሌላውንም ይከፍታል።

ያንተው 174,848 ነው ብዬ ልቀጥል። የኮሞዶር ዲስክ 35 ትራክ፣ ማለትም ክብ መስመር፣ አለው። ዳር ዳር ያሉት ትራኮች ረዘም ስለሚሉ 21 ሴክተር ይይዛሉ፣ ወደ መሀል ሲጠጋ 19፣ ከዚያ 18፣ መጨረሻ ላይ 17። ድምሩ 683 ሴክተር ነው፣ እያንዳንዱ 256 ባይት። ብታባዛው ያንኑ ቁጥር ታገኛለህ። የፋይሎቹ ዝርዝር ያለው ትራክ 18 ላይ ነው፣ መሀል ላይ፤ የድራይቩ ጭንቅላት ወደ የትኛውም ወገን ሩቅ እንዳይሄድ ብለው ነው። ያ ትራክ ሲቀነስ ለተጠቃሚው 664 ብሎክ (ኮሞዶር ሴክተሩን የሚጠራበት ስም ነው) ይተርፋል። አባትህ ባዶ ዲስክ ባየ ቁጥር የሚያነበው ቁጥር ይሄ ነበር።

አሁን ደስ የሚለኝ ክፍል መጣ። የኮሞዶር ፋይል እንዴት ነው የሚነበበው መሰለህ? ልክ አዳማ ውስጥ የሰው ቤት እንደምንፈልገው ነው። አድራሻ የለም። "ፖስታ ቤት ጋ ስትደርስ ባለ ሱቁን ጠይቅ" ይሉሃል፣ ባለ ሱቁ ደግሞ "ወፍጮ ቤቱ ጋ ሂድ፣ እነሱ ያሳዩሃል" ይልሃል። የፋይሎቹ ዝርዝር የሚነግርህ የመጀመሪያውን ብሎክ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ብሎክ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶቹ ቀጣዩ የት እንዳለ ይናገራል፣ የቀሩት 254ቱ ናቸው ዕውነተኛው ይዘት። መሀል ላይ አንድ ብሎክ ከተበላሸ ባለ ሱቁ ሱቁን ዘግቶ ሄዷል ማለት ነው። የቀረው ፋይል ዲስኩ ላይ አለ፣ ግን የት እንደሆነ የሚነግርህ የለም።

ወደ ሥራው። መጀመሪያ 14ቱንም ፋይሎች ሌላ ፎልደር ውስጥ ገልብጥና ኦሪጅናሎቹን አትንካቸው። ዊንዶውስ ካለህ ዲርማስተር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ኢሜጁን ስትከፍትለት የፋይሎቹን ዝርዝር ያሳይሃል፣ የፈለግከውን መርጠህ ወደ ፎልደር ታወጣለህ። ሊኑክስ ወይም ማክ ከሆነ ቫይስ የሚባለውን ኢሙሌተር፣ ማለትም የድሮውን ማሽን የሚያስመስል ፕሮግራም፣ ጫን፤ አብሮት ሲ1541 የሚባል ትንሽ መሣሪያ ይመጣል። ትእዛዝ እየተጻፈ በሚሠራበት በጥቁሩ መስኮት ነው የሚሠራው፣ አትፍራው። ኢሜጁን አያይዝ፣ ዘርዝር፣ አውጣ፤ ሦስት ትእዛዝ ናት።

ዝርዝሩ ላይ ፒአርጂ የሚል ካየህ ፕሮግራም ነው፤ ግን ብዙ የጽሑፍ ፕሮግራሞችም ሰነዳቸውን በዚሁ ዓይነት ስለሚያስቀምጡ ስሙን ብቻ አይተህ አትለፈው። ኤስኢኪው የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፍ ነው። ከዓይነቱ ፊት ኮከብ ምልክት ያለበት ፋይል ካለ ሲጻፍ በትክክል ሳይዘጋ የቀረ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ፋይል ስታይ ኢሜጁ ላይ "ቫሊዴት" የሚባለውን የማስተካከያ ትእዛዝ እንዳትሰጥ። ዲስኩን አጸዳለሁ ብሎ ያንን ፋይል ያጠፋዋል። የተሰረዘ ፋይልም ቢሆን ወዲያው አይጠፋም። ዝርዝሩ ላይ ዓይነቱ ወደ ዜሮ ይቀየራል እንጂ የብሎኮቹ ሰንሰለት ሌላ ፋይል እስኪጻፍበት ድረስ እንዳለ ነው፣ ዲስክ የሚያርም መሣሪያ ያለው ሰው መልሶ ያነሳዋል።

ጽሑፉን በኖትፓድ ስትከፍተው ትንሹ ፊደል ትልቅ፣ ትልቁ ደግሞ ትንሽ ወይም እንግዳ ምልክት ሆኖ ብታገኘው አትደንግጥ። ኮሞዶር የፊደል ቁጥሩን የሚሰጠው በራሱ መንገድ ነው፤ ትልቅና ትንሹ ከእኛው ጋር ተገልብጦ ነው ያለው። አንዳንዶቹ የጽሑፍ ፕሮግራሞች ደግሞ ይባስ ብለው የስክሪን ቁጥር ነው የሚያስቀምጡት፤ እዚያ ላይ የላቲኑ የመጀመሪያ ፊደል 1፣ ሁለተኛው 2 እያለ ይሄዳል። ዝብርቅርቅ ካየህ የተበላሸ ሳይሆን ያልተተረጎመ ነው ብለህ ጀምር። ምናልባት አባትህ ለእናትህ የጻፈው ደብዳቤ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ሆኖ ታገኘዋለህ፤ በዚያ ማሽን የግዕዝ ፊደል ማግኘት ቀላል አልነበረም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሰላም ነው? ፖስታ ቤት አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ አለኝ። ቤቱን ታላቅ እህቴ ናት የጀመረችው፣ እሷ ውጭ ስትሄድ ለእኔ ተወችልኝ። ከሥራው ጋር አንድ ካርቶን ፍሎፒ ወረስኩ። የእድር ደንብ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ማመልከቻ ነው። አንድ እድር የ1988 መተዳደሪያ ደንቡን አጥቶ "እናንተ ጋ ነው የተተየበው" ብሎኝ መጣ። ዩኤስቢ ፍሎፒ ድራይቭ ተውሼ አንተ እንዳልከው ኢሜጅ አደረግኩ። ፋይሎቹ ወጡልኝ፣ ግን ስከፍታቸው የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ነው። አንድ ዲስክ ደግሞ መሀል ላይ ሲደርስ እየጮኸ ይቆማል። ደንበኞቼ እየጠበቁኝ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ከባዱን ጨርሰሻል። የፒሲ ፍሎፒ ኢሜጅ ከሁሉም ቀላሉ ነው፣ ሰቨን ዚፕ ራሱ ይከፍተዋል። ሌሎች አንባቢዎችም ልብ በሉ፦ ባለ 1.44 ኢሜጅ ካላችሁ ሌላ ነገር ፍለጋ አትባዝኑ።

የቀረሽ የፊደል ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ሀ ማለት 4608፣ ሁ ማለት 4609 ነው፣ የትም አገር፣ የትኛውም ስልክ ላይ። በእኛ አቆጣጠር በ1988 ግን እንደዚያ የሚባል ነገር አልነበረም። እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የፈረንጁን ፊደል ቦታ እየወሰደ የራሱን ፊደል ያስቀምጥ ነበር። አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ስላለው፣ የእኛ ፊደል ደግሞ ከነቤተሰቡ ስለማይበቃው፣ አንዳንዱ በሁለት ፎንት ከፈለው፣ አንዳንዱ የፊደሉን አካልና እግሩን ለየብቻ አድርጎ ገጣጠመው። ስለዚህ አሁን የምታዪው የፈረንጅ ፊደል በዕውነትም ፋይሉ ውስጥ ያለው እሱ ነው። አልተበላሸም። የሚያለብሰውን ፎንት ነው ያጣው።

ሰነዱን ክፈቺና ጽሑፉን መርጠሽ የፎንት ሳጥኑ ላይ ምን ስም እንደተጻፈ እይ። ፎንቱ ኮምፒውተርሽ ላይ ባይኖርም ስሙ ይታያል። ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የሚያስታውስ ስም ካየሽ የእህትሽን አሮጌ ኮምፒውተር ፎንት ፎልደር ፈትሺ፤ ካርቶኑ ውስጥም የጫነችበት ዲስክ ሊኖር ይችላል። ፎንቱን ስትጭኚ ጽሑፉ ራሱ ይስተካከላል። ፎንቱን ወደ ኒያላ ቀይሬ ላስተካክል ብለሽ ግን አትድከሚ። ኒያላ የሚያውቀው የዩኒኮዱን ሀ ነው፤ ያንቺ ሰነድ ውስጥ ደግሞ ሀ የሚባል ነገር የለም። አዲሱ ወርድ "ይሄ ፋይል በጣም ያረጀ ነው" ብሎ ከከለከለሽ ሊብረኦፊስ ሞክሪ፣ እሱ ለሽማግሌ ፋይል ትዕግሥት አለው።

ከተከፈተ በኋላ ወዲያው ፒዲኤፍ አድርጊው። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፣ ግን ሁሉም ለሁሉም ፎንት አይሠሩም፣ ከቀየሩም በኋላ መስመር በመስመር ማንበብ ግድ ነው። አንቺ ደግሞ ጸሐፊ ነሽ። ስድስት ገጽ የእድር ደንብ ከሆነ እኔ ብሆን ፒዲኤፉን አይቼ እንደገና እተይበዋለሁ፣ ከመቀየሪያው ጋር ስታገል ከምውል።

የሚጮኸውን ዲስክ በተመለከተ፣ በተራ መገልበጫ ደጋግመሽ አትሞክሪ። ሊኑክስ ላይ ዲዲሬስኪው የሚባል መሣሪያ አለ። መጀመሪያ ደህናውን ክፍል በሙሉ ያወጣና ከዚያ ወደ አስቸጋሪው ሴክተር እየተመለሰ ይሞክራል፣ የደረሰበትንም መዝግቦ ስለሚይዝ ዲስኩን አውጥተሽ አስገብተሽ፣ ወይም በሌላ ድራይቭ፣ ካቆመበት መቀጠል ትችያለሽ። አንዱ ድራይቭ እንቢ ያለውን ሌላው ሲያነበው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በፒሲ ዲስክ የፋይሉ ሰንሰለት እንደ ኮሞዶሩ በየብሎኩ አልተበተነም። መጀመሪያ ላይ በሰንጠረዥ ተጽፎ ነው ያለው፣ ሰንጠረዡም ሁለት ቅጂ አለው፣ ልክ ቀበሌም እኛም ጋ እንደሚቀመጥ ሰነድ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ።

ደንቡ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ደግሞ ተሰርዞ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ሲሰረዝ የስሙ የመጀመሪያ ባይት በ229 ይተካል፣ ሰንጠረዡ ላይ ያለው ሰንሰለትም ይደመሰሳል፤ ይዘቱ ግን ባለበት ነው። ፋይሉ ተከታታይ ቦታ ላይ የተጻፈ ከሆነ ቴስትዲስክ የሚባለው መሣሪያ ከኢሜጁ ላይ ያነሳልሻል። ከኢሜጁ ላይ ነው ያልኩት፣ ከፍሎፒው አይደለም።

ጥያቄ፦ የአምዱ አዘጋጅ እንደምን ሰንብተሃል። እኔ ከሐዋሳ የምጽፍ ጡረተኛ መምህር ነኝ። ወንድሜ ከጣልያን ሲመለስ አሚጋ 500 አምጥቶልኝ ብዙ ሠርቼበታለሁ፤ የፈተና ጥያቄዎች፣ የተማሪ ውጤት፣ ትንሽ ሥዕልም። ዲስኮቹን በዩኤስቢ ድራይቭ ላነባቸው ሞክሬ ኮምፒውተሩ "ይሄ ዲስክ ፎርማት አልተደረገም፣ ፎርማት ላድርገው?" ይለኛል። ሞተዋል ማለት ነው? አንዳንዶቹ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለ።

መልስ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ፎርማት ላድርገው ሲልዎ "አዎ" አላሉም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ብዬ አውቃለሁ። ሌሊት ነበር፣ እንቅልፍ ጭንቅላቴን ይዞኝ፣ ጣቴ ከአእምሮዬ ቀደመ። የጓደኛዬ ዲስክ ነበር። ጓደኝነታችን ተርፏል፣ ዲስኩ አልተረፈም።

ዲስኮቹ ሞተዋል ማለት አይደለም። ዩኤስቢ ድራይቭ ውስጡ የራሱ ተቆጣጣሪ አለው፤ የሚያውቀውም የፒሲን አጻጻፍ ብቻ ነው። አሚጋ በአንድ ትራክ 11 ሴክተር የሚያስገባው ፒሲ በሴክተሮች መሀል የሚተወውን ክፍተት ትቶ፣ ትራኩን በሙሉ በአንድ ጊዜ እየጻፈ ነው። ስለዚህ ዩኤስቢ ድራይቩ ያየው ነገር ሁሉ ለእሱ ትርጉም የለውም፣ ያልገባውን ሁሉ ደግሞ "ፎርማት አልተደረገም" ይለዋል። ምንም ዓይነት ፕሮግራም ቢጭኑ ይሄ አይለወጥም፣ በዚህ ድራይቭ አይሆንም።

የሚያስፈልገው ግሪስዊዝል የሚባል ትንሽ ሰሌዳ ነው። በአንድ ወገን በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር፣ በሌላ ወገን ከድሮ ዴስክቶፕ ውስጥ ከተፈታ ተራ ፍሎፒ ድራይቭ ጋር በሪቦን ኬብል ይገናኛል። ሴክተር ፍለጋ አይሄድም። ዲስኩ ላይ ያለውን የማግኔት ለውጥ በጊዜው እየለካ እንዳለ ይቀዳዋል፣ ትርጉሙን በኋላ ሶፍትዌሩ ይሰጠዋል። ድራይቩን አሮጌ ኮምፒውተር ከሚጠግን ሰው ያገኙታል። ሰሌዳውን ግን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ቢያመጣልዎ ነው የሚሻለው።

ከዚያ በፊት ነጭ ነጠብጣቡ። ሻጋታ ይመስለኛል፤ ሐይቅ ዳር ላለ ሰው አዲስ አይደለም። የብረት መዝጊያውን ገፋ አድርገው በደንብ ይዩት። ነጠብጣብ ያለበትን ዲስክ በፍጹም ድራይቭ ውስጥ እንዳያስገቡ። ጭንቅላቱ ሻጋታውን ያነሳና የዲስኩን ልባስ ይቧጥጣል፣ ቀጥሎ ወደሚገባው ደህና ዲስክም ይዞት ይሄዳል። አይሶፕሮፒል አልኮል በጥጥ ነክረው፣ ዲስኩን መሀሉን ይዘው ቀስ እያሉ እያዞሩ፣ በሁለቱም ገጽ ይጥረጉት። በደንብ ይድረቅ። ከጫማ ካርቶን የምንጥላትን "አትብሉ" የምትል ትንሽ ከረጢት ከዲስኮቹ ጋር ያስቀምጧት፣ እርጥበት ትመጥልዎታለች።

ኢሜጁ ሲሠራ 901,120 ባይት ይሆናል፣ ኤዲኤፍ የሚል ቅጥያ ይኖረዋል። አንድ ነገር እንዳያደናግርዎ፦ ውስጡን ቢያዩት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ባይቶች ዶስ የሚል ቃል ናቸው። የማይክሮሶፍቱ ዶስ አይደለም፣ አሚጋም የራሱን ሥርዓት እንደዚያው ነበር የሚጠራው። አራተኛው ባይት 0 ከሆነ የድሮው አደራደር ነው፤ እያንዳንዱ ብሎክ ላይ 24 ባይት ለመቆጣጠሪያ ተይዞ ለይዘቱ 488 ይቀራል። 1 ከሆነ ፈጣኑ አደራደር ነው፤ 512ቱም ለይዘት ነው። ድሮ ቦታ ማባከን መስሎ የሚታየው ያ 24 ባይት ዛሬ ጠቃሚ ነው። እያንዳንዱ ብሎክ የየትኛው ፋይል ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ራሱ ስለሚናገር፣ ዝርዝሩ ቢጠፋ እንኳ ፋይሉን ለቅሞ መገጣጠም ይቻላል።

ለማውጣት ኤክስዲኤፍቱል የሚባል መሣሪያ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይሠራል፣ ዝርዝር ያሳያል፣ ያወጣል። ጥቁር መስኮት ካልወደዱ ግን ለእርስዎ የምመክረው ሌላውን መንገድ ነው። ዊንዩኤኢ የሚባለውን የአሚጋ ኢሙሌተር ይጫኑና ከኮምፒውተርዎ አንድ ፎልደር እንደ ሐርድ ዲስክ ይስጡት። ኢሜጁን እንደ ፍሎፒ ያስገቡ። ከዚያ እንደ ድሮው በማውዝ ከዲስኩ ወደ ፎልደሩ መጎተት ነው። ከኢሙሌተሩ ከወጡ በኋላ ያንን ፎልደር በዊንዶውስ ሲከፍቱ ፋይሎቹ እዚያው ይጠብቁዎታል። ሥዕሎቹ የአሚጋ የራሱ የሥዕል ዓይነት ስለሚሆኑ እዚያው ኢሙሌተሩ ውስጥ ይዩአቸው፣ በኋላ መቀየር ይቻላል። ከጌም ዲስኮችዎ አንዳንዱ ምንም ፋይል ባያሳይ አይገረሙ። ብዙ ጌም የራሱን አጫጫን ስለሚጠቀም ከመጀመሪያውም ፋይል የሚባል ነገር አልተጻፈበትም፤ የሚወጣም የለም፣ እንዳለ መጫወት ነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው እትም "ዲስኩን ከማንበብህ በፊት መከላከያ ቀዳዳውን ዝጋ" ብለሃል። 3.5 ኢንች ላይ ግን ቀዳዳው ሲከፈት ነው ዲስኩ የሚጠበቀው። ሰው አታሳስት።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ጥፋቴ ነው። እኔ ሳስብ የነበረው ትልቁን 5.25 ኢንች ነው፤ እሱ ላይ ጎኑ ላይ ያለው ጥርብ በፕላስተር ሲሸፈን ነው የማይጻፍበት። ትንሹ ላይ ተቃራኒው ነው፣ ቀዳዳው ብርሃን ሲያሳልፍ ነው የተጠበቀው። ባለፈው እኔን አምኖ የዘጋ ሰው ካለ አሁኑኑ ይክፈት።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ አዳማ። ለልምምድ ብዬ የአፕል 2 ኢሜጅ የሚያነብ ፓይተን ጻፍኩ። 143,360 ባይት ነው። የመጀመሪያዎቹን 7 ፋይሎች ስም በትክክል ያሳየኛል፣ ከ8ኛው ጀምሮ ቆሻሻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስህተቴን ፈለግኩ።

መልስ፦ ኮድህ ደህና ነው፣ ተኛ። በአፕል 2 ዶስ 3.3 (ይሄም የአፕል የራሱ ዶስ ነው) አንድ የዝርዝር ሴክተር የሚይዘው 7 ስም ነው። ያንተ ኢሜጅ ሴክተሮቹ በሌላው የአፕል 2 ሥርዓት፣ በፕሮዶስ፣ ቅደም ተከተል የተቀመጡበት ነው፣ አንተ ደግሞ በዶስ ቅደም ተከተል እያነበብክ ነው። በሁለቱ ሥርዓት ሴክተር 0 እና 15 ቦታቸው አንድ ነው። የዲስኩ መግቢያ 0 ላይ፣ የዝርዝሩ መጀመሪያ 15 ላይ ስለሆነ ሁለቱን አገኘህ፣ 14ን ስትፈልግ ተሳሳትክ። ከ1 እስከ 14 ያለውን ሴክተር ከ15 ቀንሰህ አንብበው፤ 1ን ስትፈልግ 14ን፣ 2ን ስትፈልግ 13ን። አንድ መስመር ነው የምትጨምረው። ውጤቱን የአፕል 2 ኢሜጅ ከሚከፍተው ከሳይደርፕሬስ ጋር አስተያየው፣ እሱ ቅደም ተከተሉን ራሱ ነው የሚለየው።

ጥያቄ፦ የብስኩት ቆርቆሮው ልጅ ነኝ። መልስህን በቴሌግራም ቀድመህ ስለላክልኝ አመሰግናለሁ። ከ14ቱ 13ቱ ወጡ። ደብዳቤዎቹም እንዳልከው በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ናቸው፣ እናቴ እያነበበች ትስቃለች። አንድ ግን "ዕቁብ" የሚል ስም ያለው ፒአርጂ አለ። በኖትፓድ ስከፍተው ስሞች ይታያሉ፣ የቀረው ዝብርቅርቅ ነው። ምንድን ነው?

መልስ፦ አባትህ ራሱ ቤዚክ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፈው ነው የሚመስለኝ። የፋይሉን የመጀመሪያ ሁለት ባይቶች እይ፣ 1 እና 8 ከሆኑ ያ 2049 የሚለው የማስታወሻ አድራሻ ነው፤ የኮሞዶር 64 ቤዚክ ፕሮግራም የሚጀምርበት። ዝብርቅርቅ የሆነብህ ኮሞዶር ትእዛዞቹን በቃል ስለማያስቀምጥ ነው፣ እያንዳንዱን ቃል ወደ አንድ ቁጥር ያሳጥረዋል። ስክሪን ላይ አሳይ የሚለው ትእዛዝ ለምሳሌ 153 ነው። ስሞቹ የታዩህ በጥቅስ ውስጥ ስለሆኑና ስላልተነኩ ነው። ከቫይስ ጋር ፔትካት የሚባል መሣሪያ አለ፣ ፋይሉን ስትሰጠው ቁጥሮቹን ወደ ቃል መልሶ በተራ መስመር ያወጣልሃል። ወይም ኢሜጁን ቫይስ ውስጥ አስገብተህ አስነሳውና ዕጣው ሲወጣ እይ።

ከዚያ በፊት ግን ኮዱ ውስጥ ዕጣውን የሚያወጣበትን መስመር ፈልግ። ኮሞዶር 64 ሲበራ የዕጣ ቁጥሮቹን ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ነው የሚጀምረው። ፕሮግራመሩ ሰዓቱን ወስዶ መነሻውን ካልቀየረለት በቀር ማሽኑ በበራ ቁጥር ያው ቅደም ተከተል ይመጣል። አባትህ ይሄን አውቆ አስተካክሎት ከሆነ ጎበዝ ነበር። ካላስተካከለው ግን የዕቁቡ አባላት ዛሬም በሕይወት ያሉ ካሉ እንዳይሰሙ፤ በተለይ የመጀመሪያው ስም የአንተ ቤተሰብ ከሆነ።